ታጥፋ ኪስ የገባችው ወረቀት

ለወላጆች ስብሰባ አዘጋጅ ኮሚቴ፣ እንዲሁም እዚያ አዳራሽ ውስጥ ለነበራችሁ እናቶችና አባቶች

ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ስብሰባ ላይ ከነበሩት ወላጆች አንዱ ነኝ። ኋላ፣ ቡናው ከተቀመጠበት ጠረጴዛ አጠገብ ነበርኩ። ርዕሱ «ልጆቻችንና ኃላፊነት» ነበር። ጥሩ ስብሰባ ነበር፤ ይህን አስቀድሜ ልበል። ስለ ስልክ ተወራ፣ ስለ ውጤት ተወራ፣ ስለ ቬፕ ተወራ። አንድ አባት ልጃቸው ሥራ ከጀመረ ወዲህ «ደሞዜ» የምትል ቃል ቤታቸውን እንዴት እንዳመሰችው ሲያወሩ ሁላችንም ሳቅን።

መጨረሻ ላይ ጥያቄ በወረቀት ሰበሰባችሁ። ስም አይጻፍም፣ ካርቶን ውስጥ ይከተታል። መድረክ መሪው አንድ በአንድ እያወጡ አነበቡ። አራተኛው ወይ አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ። በዓይናቸው ብቻ አነበቡት። ከዚያ አንድ ቃል ተናገሩ። ቃሏን እዚህ አልጽፋትም፤ ሁላችንም እናውቃታለን፣ ወንድ የሚወድ ወንድ ወይም ሴት የምትወድ ሴት ላይ ለስድብ የምትወረወረዋ ናት። «ይሄ የኛ ጉዳይ አይደለም፣ የፈረንጆቹ ነው» አሉና ወረቀቷን ለሁለት አጠፏት። እንደገና አጠፏት። ኮታቸው ኪስ ከተቷት። ሳቅ ተሰማ። ወደሚቀጥለው ታለፈ።

እኔ ላብ አጠመቀኝ። ስለዚሁ ጉዳይ ጠይቄ ስለነበር የተያዝኩ መሰለኝ። ግን የኔ ወረቀት ነጭ ነበረች። የታጠፈችው ቢጫ ናት፣ ከልጅ ደብተር የተቀደደች። የኔዋ ሰዓት አልቆ ካርቶኑ ውስጥ ቀረች።

ነገሩ የገባኝ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከኔ ሌላ ቢያንስ አንድ ሰው ነበር። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለእናንተ ነው። ለዚያ ሰውም ነው።

ልጄ 17 ዓመቷ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ናት። እዚህ አሜሪካ የመጀመሪያ ልጅ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም። የቤት ኪራይ ውላችንን ያነበበችልን በአሥር ዓመቷ ነው። የመብራት ድርጅቱ ጋር ስትደውል የእናቷን ስም ሰጥታ፣ ድምጿን አጎርንና፣ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ትላለች። አንድ ጊዜ እናቷ አንገቷ ላይ እብጠት ወጥቶባት ሐኪም ቤት ሄዱ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ሐኪሙ የተናገረውን ለእናቷ የነገረቻት እሷ ናት። 12 ዓመቷ ነበር። ደግነቱ ክፉ ነገር አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮም የምትነግራት እሷ ነበረች።

ሜሪላንድ ውስጥ ልጆች ሃይስኩል ለመጨረስ 75 ሰዓት የነጻ አገልግሎት መስጠት አለባቸው። ለኛ የሰጠችው ቢቆጠርላት ልጄ አምስተኛ ክፍል ላይ ትመረቅ ነበር።

እና ስለ ኃላፊነት ስናወራ እነዚህ ልጆች ኃላፊነት የጎደላቸው አድርገን አናውራ። ብዙዎቹ ከኛ ቀድመው ተሸክመዋል።

አሁን ወደ መኪናው ልግባ። እዚህ ስቴት ልጅ 15 ዓመት ከ9 ወር ሲሞላው የለማማጅ ፈቃድ ያወጣል። ከዚያ ትልቅ ሰው ጎኑ ተቀምጦ 60 ሰዓት መንዳት አለበት፤ አሥሩ በጨለማ። ሰዓቱ በመዝገብ ይጻፋል፣ ወላጅ ይፈርማል። እኔ በመንዳት የምተዳደር ሰው ነኝ። ሌላ ሰው ሲነዳኝ ግን ቀኝ እግሬ ወለሉ ላይ ፍሬን ይፈልጋል። ስለዚህ ያ 60 ሰዓት ለሁለታችንም ጾም ነበር።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከልጃችሁ ጋር ማውራት አቅቷችሁ ከሆነ መንዳት አስተምሩት። ዓይን ለዓይን አትተያዩም። ማንም ተነስቶ ክፍሉ አይገባም። በር መዝጋት የለም።

ከጨለማዎቹ ሰዓቶች በአንዱ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ነበርን። ዝናብ አባርቷል፣ አስፋልቱ ያብለጨልጫል።

«አባ፣ እኔ ባል አላገባም» አለች።

«ማን አግቢ አለሽ? ፍሬቻ አብሪ።»

አበራች። ቀይ መብራት ላይ ቆምን። ፍሬቻው ቀጭ፣ ቀጭ ይላል።

«እንደሱ አይደለም። እኔ የምወደው ሴት ነው። ወንድ ወድጄ አላውቅም። በአማርኛ ምን እንደሚባል ፈልጌ ነበር። ያገኘሁት ሁሉ ስድብ ነው።»

ይህች የቤተሰቡ አስተርጓሚ ናት። ዲዳክቲብል የሚባለውን የኢንሹራንስ ነገር በአማርኛ የምታስረዳ ልጅ ናት። ስለ ራሷ ለአባቷ ለመንገር ግን ቋንቋው ውስጥ ገብታ ስድብ ብቻ ይዛ ወጣች። አገር ቤት ያሉት እርስ በርሳቸው «ዜጋ» እንደሚባባሉ የሰማሁት በኋላ ነው። ሌላው ሰው ሲሰማው ምንም የማይጠረጥረው ቃል ስለሆነ ነው አሉኝ። ዜጋ። ከኛ ስድቦች ጎን አስቀምጣችሁ እዩት።

ምን መለስኩላት? «ቀኝ ያዢ» ነው ያልኳት። ቤት እስክንደርስ ሌላ ቃል አልወጣኝም። ደርሰን ሞተሩን ስታጠፋ «ለእናትሽ አሁን አትንገሪያት። መጀመሪያ ፈተናሽን ጨርሺ» አልኳት። ከዚያ መዝገቡን አውጥቼ ፈረምኩ። አንድ ሰዓት፣ በጨለማ። ፊርማዬ እስካሁን አለ።

እንዳልተቆጣሁ፣ እንዳልመታሁ፣ እንዳላባረርኩ ቆጥሬ ራሴን ደህና አባት አድርጌ ተኛሁ። የሠራሁት ግን ይህ ነው። ልጄ ሸክሟን ላካፍለው ብላ መጣች። እኔ የራሴን ጨምሬ መለስኩላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የራሷን ምስጢር ብቻ ሳይሆን የኔንም ድንጋጤ እናቷ ፊት እየደበቀች ቡና ታቀርብ ነበር። አምስት ወር። ውጤቷ አልወረደም። ታናሽ ወንድሟን ከትምህርት ቤት ማምጣት አላቆመችም። እንቅልፍ እንደሌላት ያወቅኩት ትምህርት ቤቷ ያለችው አማካሪ ስትደውል ነው።

እናቷ እንድታውቅ የፈለገችው እዚያ፣ አማካሪዋ ባለችበት ነው። ምርጫው የራሷ ነበር። ሁልጊዜ የምታስተረጉምልን እሷ ስለሆነች ያን ቀን በስልክ አስተርጓሚ ተጠራ። ጠረጴዛው ላይ ስልኩ ተቀመጠ፤ የኛው ሰው ድምፅ ወጣ። አማካሪዋ በደህና ቃል ነገሩን አስረዳች። አስተርጓሚው ያችን ቃል ተጠቀመ። መድረክ መሪው የተናገሯትን።

ልጄ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። «እንደሱ አላለችም» አለችው በአማርኛ። «ሴት የምትወድ ሴት ነው ያለችው። እንደገና በለው።»

ሰውየው ትንሽ ቆየ። ይቅርታ ጠየቀ። እንደገና አለው።

ስለ እናቷ ብዙ አልጽፍም፤ ደብዳቤው የኔ ነው። ከብዷታል። ለሳምንታት ከልጅቷ ጋር በሰላምታ ብቻ ኖሩ። አንድ ቀን ከኢንሹራንስ ደብዳቤ መጣ። እናቷ አገላብጣ አየችውና ከልጅቷ ሳህን ጎን አስቀመጠችው። ልጅቷ አንብባ ነገረቻት። እንደገና ማውራት የጀመሩት በኢንሹራንስ ክፍያ ነው። አሁንም ጸሎቷ ምን እንደሆነ አልጠይቃትም። ልጅቷ ስታመሽ ግን አትተኛም። እንደ ድሮው።

ዘመድ የሰማ እንደሆነ ምን እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። አንዱ የቅርብ ሰው «ለክረምት አገር ቤት ላካት፣ ጠበል ትጠመቅ፣ አያቷን ትይ» አለኝ። ክፋት የለበትም፣ ከልቡ ነው። እኔም ጠበል የማምን ሰው ነኝ። ግን ነገሩን እስከ መጨረሻው እናስበው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 እንዲህ ያለውን ድርጊት ወንድ ከወንድም ሆነ ሴት ከሴት በእስራት ይቀጣል። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በዚሁ ጉዳይ ሆቴሎችና መጠጥ ቤቶች ላይ አሰሳ ሲደረግ ሰምተናል። እዚህ ተወልዳ ምላሷን መግታት ያልለመደች ልጅ ትኬት ቆርጬ የምልካት ወደዚያ ነው። የሚጠብቃት ማን ነው? እንቢ ብትል የሚመልሳት ማን ነው?

ያን ሰሞን ልጄ መጥታ ፓስፖርቷን ጠየቀችኝ። የሁላችንም ፓስፖርት የኔ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። «ለምን?» አልኳት። «እኔ ጋ እንዲሆን» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ገባኝ። ገና ትናንት ያዘልኳት ልጅ እንዳልልካት ፈርታኛለች። አውጥቼ ሰጠኋት። ከሰጠኋት ኃላፊነት ሁሉ የከበደኝ ያ ትንሽ ሰማያዊ ደብተር ነው።

የነፍስ አባቴ ጋ ሄጃለሁ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አዳምጠው ሲጨርሱ «ልጅቷ ቤት ናት?» አሉኝ። «አዎ አባ።» «እንዳታስወጣት» አሉ። ከዚያ ስለ ጾሙ ጠየቁኝ። ያ ብቻ ነው። ቀኖና ለማስቀየር አልሄድኩም፣ እሳቸውም አልቀየሩም። እናንተንም ሃይማኖት አሻሽሉ ልል አልጻፍኩም። ሰው የሚያምነውን ይመን። የምለው ከዚያ በጣም ያንሳል።

በ2009 (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)፣ ሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኬትሊን ራያን የሚባሉ ባለሙያ ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ጥናት አሳተሙ። እንደ ልጄ ያሉ 224 ወጣቶችን ነው ያዩት። ከቤተሰባቸው ከባድ መገፋት የደረሰባቸው፣ ብዙም ካልተገፉት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ራሳቸውን ለማጥፋት መሞከራቸውን የተናገሩት ከስምንት እጥፍ በላይ ነው። ጥናቱ ውስጥ የነበሩት ነጮችና ላቲኖዎች ናቸው። ሐበሻ የለበትም። «የኛ ልጆች ይለያሉ» የሚል ካለ ይበል፤ እኔ በልጄ አልሞክረውም። የገረመኝ ቁጥሩ ብቻ አይደለም። መገፋት ብለው የቆጠሩት ነገር ነው። ማባረርና መምታት ብቻ መስሎኝ ነበር። ወሬው እንዳይነሳ ማድረግ፣ ጓደኞቿን መከልከል፣ ከቤተሰብ ድግስ ማስቀረትም አለበት። ወላጆቹ ይህን የሚያደርጉት ጠልተው ሳይሆን ለልጃቸው አስበው እንደሆነም ራያን ይናገራሉ። «ፈተናሽን ጨርሺ» ያልኩት እኔም አስቤላት ነው።

ሐኪም ያስተካክላት የሚልም አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ከበሽታ ዝርዝር ያወጣው በ1990 ነው። ሜሪላንድም በ2018 ፈቃድ ያላቸው ባለሙያዎች ልጆች ላይ እንዲህ ያለ «ልለውጥህ» የሚል ሕክምና እንዳይሰጡ የሚከለክል ሕግ አውጥታለች። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም።

ለመሆኑ ኃላፊነትና ይህ ነገር ምን አገናኛቸው ትሉኝ ይሆናል። እኔ ቤት የተገናኙት እንዲህ ነው። ሥራ ሲሆን «አንቺ እኮ ትልቅ ሰው ነሽ» እንላታለን። ስለ ራሷ ስትናገር «ልጅ ነሽ፣ ምን ታውቂያለሽ» እንላታለን። የሐኪም ቃል አምነን የተቀበልነው ከአፏ ነው። የራሷን ቃል ስትነግረን ማስረጃ ፈለግን። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። አምናችሁ ካሸከማችኋት፣ አምናችሁ ስሟት።

ደግሞ ተናገረች ብዬ ሕጉን አላነሳሁላትም። የመግቢያ ሰዓቷ ያው ነው። መኪናውን ስትወስድ የት እንደምትሄድ ትናገራለች። ሰው ቤት ማደርማ ድሮም ክልክል ነው፤ ሐበሻ ቤት ስሊፕኦቨር የሚባል ነገር የለም፣ እዚህ ላይ ለውጥ አላስፈለገም። የጓደኛዋን ቤተሰብ ልተዋወቅ ስላት «አባ!» ብላ ጮኸችብኝ። ወንድሟ ሴት ጓደኛ ሲይዝም የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

አንድ የማላዝበት ነገር ግን አለ። ለማን ይነገራል የሚለው። እኔ አንድ ጊዜ ተነግሮ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። አያልቅም። አያቷ አሉ፣ አክስቶቿ አሉ፣ እድሩ አለ፣ የክርስትና እናቷ አሉ። «ማነው የምታገቢው?» የሚል ሰው በየሠርጉ አለ። ለእያንዳንዱ መናገር አለመናገሩን የምትወስነው እሷ ናት። እኔ «ቶሎ ንገሪና እንገላገል» አልልም፣ «ለማንም እንዳትተነፍሺ» ማለትም አቁሜያለሁ። ለአያቷ አልነገረችም። በየእሑዱ ይደዋወላሉ፤ ስለ ዶሮዎቹ ያወራሉ።

በ1972 ኒው ዮርክ ውስጥ ጂን ማንፎርድ የሚባሉ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበሩ። ልጃቸው ሞርቲ በዚሁ ጉዳይ ተቃውሞ ላይ እያለ ተደበደበ። ለኒው ዮርክ ፖስት ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፉ፣ ልጄን እወደዋለሁ ብለው። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ጎኑ ሆነው ሰልፍ ወጡ። በመጋቢት 1973 ወላጆችን ሰበሰቡ። የመጣው ሃያ ያህል ሰው ነው። የት የተሰበሰቡ ይመስላችኋል? ቤተ ክርስቲያን ውስጥ። ግሪንዊች ቪሌጅ ያለ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ክፍል ሰጣቸው። ዛሬ ፒፍላግ የሚባለው የወላጆች ማኅበር ከዚያ ክፍል ነው የወጣው።

አንድ ቀን ስብሰባቸው ላይ ሄጃለሁ። ደጎች ናቸው፤ ኩኪስ ነበር። ግን የነፍስ አባት ምን እንደሆነ፣ እድር ምን እንደሆነ፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ሰው ጎን ለጎን ሲንሾካሾክ ምን እንደሚሰማ ማስረዳት ነበረብኝ። እንግሊዝኛዬ አልደረሰም። አስተርጓሚዬ ደግሞ ልጄ ናት።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ በአማርኛ የሚወራበት አንድ ክፍል ነው። በወር አንድ ምሽት። ማስታወቂያው ላይ «የወላጆች ቡና» ብቻ ብላችሁ ጻፉ፤ የሚገባው ይገባዋል። መምህር አትጋብዙልን፣ ንግግር አያስፈልግም። የሰማ ሰው የሰማውን ይዞ መቅረት አለበት፣ ሕጉ ይህ ብቻ ይሁን። ሁለተኛ፣ ልጆች በሚያዩት ቦታ፣ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይም ቢሆን፣ 988 የምትለውን ቁጥር ለጥፉ። ተስፋ የቆረጠ፣ ራሱን ሊያጠፋ ያሰበ ሰው ሌሊትም ቢሆን የሚደውልባት ናት። ሦስተኛው የመድረኩ ነገር ነው። ያችን ቃል ማይክ ላይ አትናገሯት። ኋላ ወንበር ላይ ስልካቸውን ያፈጠጡ የሚመስሏችሁ ልጆች አማርኛ አይሰሙም ብላችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ያችን ቃል ሁሉም ያውቋታል።

መድረክ መሪውን ለማሳፈር አይደለም። እኔም ከዓመት በፊት ብሆን ስቄ ነበር። ምናልባትም ጮክ ብዬ።

አሁን ለቢጫዋ ወረቀት ባለቤት። ማን እንደሆንክ፣ ማን እንደሆንሽ አላውቅም፤ ላጣራም አልሞከርኩም። ኮሚቴው ክፍሉን ከሰጠን እዚያ እንገናኛለን። እስከዚያው በሚቀጥለው ስብሰባ እኔ ያው ቡናው አጠገብ ነኝ። ቀርቦ «ልጅህ መንጃ ፈቃድ አወጣች?» ማለት ብቻ ነው። ይገባኛል። አውጥታለች፤ ወደ ጎን ማቆም ላይ ግን አሁንም ትቸገራለች።

ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት አነበብኩላት፤ ፊደል ላይ ቀስ ትላለች። ስለ ፓስፖርቱ የጻፍኩትን ላወጣው ብዬ ነበር፣ «ተወው» አለችኝ። ስሜን ግን አልጻፍኩም። ፈርቼም ነው፣ አልዋሽም። ዋናው ምክንያት ሌላ ነው። የኔ ስም ለልጄ ሁለተኛ ስሟ ነው። ስሜን ከጻፍኩ ስሟን ጻፍኩ ማለት ነው፤ እሱን ለማን እንደምትነግር ገና አልወሰነችም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ